በፊርማዬ የተሠራ መንገድ

ባለፈው መስከረም መጨረሻ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶግራፍ ላከልኝ። ተማሪዬ ዛሬ በአንድ ዞን የመንገድ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነው፤ ስሙንም ዞኑንም አልጠቅስም፤ ምክንያቱ ለአገራችን አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። ፎቶግራፉ የአንድ ባለ አራት ገጽ የማስታወቂያ ወረቀት ነው። በፊተኛው ገጽ ሰማያዊ በርሜል፣ ከበርሜሉ ኋላ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ መንገድ፣ ከመንገዱ በላይ ደግሞ አፈርን ወደ ድንጋይ ስለሚቀይር ፈሳሽ የሚናገር መፈክር አለ። በሦስተኛው ገጽ ሰንጠረዥ ተቀምጧል፤ ያልታከመ አፈር 3፣ የታከመ አፈር 46። ከሰንጠረዡ ግርጌ የትምህርት ክፍላችን ክብ ማኅተምና የእኔ ፊርማ ይታያሉ። ተማሪዬ ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ዶክተር፣ ይህ የእርስዎ ነው?»

የእኔ ነው።

ነገሩ የሆነው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በደቡብ አፍሪካ ጨርሼ ከተመለስሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ንግግሩ የተስተካከለ፣ ጫማው የተወለወለ የአስመጪ ድርጅት ወኪል ቢሮዬ መጣ። ከውጭ የሚገባ፣ በውሃ ተበጥብጦ አፈር ላይ የሚረጭ፣ ገረጋንቲ ማጓጓዝን የሚያስቀር ፈሳሽ እንዳለው ነገረኝ። በሦስት ማዳበሪያ ከረጢት አፈር አስጭኖ መጥቷል፤ አፈሩ አስቀድሞ በፈሳሹ ታሽቷል። «ዶክተርዬ፣ ከእርስዎ የምንፈልገው የሲቢአር ቁጥር ብቻ ነው» አለኝ። በአምራቹ መመሪያ መሠረት ናሙናው ተጠቅጥቆ ሰባት ቀን ፀሐይ ላይ መቆየት፣ ከዚያም መፈተን ነበረበት።

በሰባተኛው ቀን ናሙናውን ከማሽኑ ሥር ልናስቀምጥ ስንል የላብራቶሪያችን ቴክኒሻን፣ ከእኔ በዕድሜም በልምድም የሚበልጠው፣ ዛሬም «ጋሼ» እያልሁ የምጠራው ሰው፣ ዞር ብሎ «ዶክተር፣ ውሃ ውስጥ አናስቀምጠውም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ወኪሉ የአምራቹ መመሪያ ይህን አይጠይቅም አለ። እኔም «የጠየቁንን እንሥራላቸው» አልሁ። የተከፈለን ገንዘብ ለሁለት ዓመት ተሰብሮ የቆየውን ዲያል ጌጅ ለመተካት በቃ። በሪፖርቱ ውስጥ፣ ለኅሊናዬ ማስታገሻ ይሆን ዘንድ፣ ናሙናው በደንበኛው የቀረበ መሆኑንና ሳይነከር መፈተኑን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አሰፈርሁ። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ያ ዐረፍተ ነገር የለም። የሌለው ብቻ ሳይሆን ያልነበረውም ተጨምሯል፤ «ያልታከመ አፈር 3» የሚለውን ቁጥር እኔ አልጻፍሁትም። ከየት እንደመጣ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ይገምታል፤ ውሃ ውስጥ የነበረ የጥቁር አፈር ቁጥር ነው። በሌላ አነጋገር የረጠበን ካልታከመው ወገን፣ የደረቀን ከታከመው ወገን አሰልፈው አሯሯጡአቸው።

ለመንገድ ሙያ እንግዳ የሆናችሁ አንባቢያን ትዕግሥታችሁን ለግሱኝና ይህን ጥቂት ላብራራ፤ የቀረው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። የደጋችንን ጥቁር አፈር እንደየአገራችሁ ዋልካ በሉት፣ መረሬ በሉት፣ ኮትቻ በሉት። በበጋ ይሰነጣጠቅና የልጅ እግር የሚያስገባ ክፍተት ይፈጥራል፤ በክረምት ያብጥና ጫማ ያስቀራል። በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች የተነባበረ ነው፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ይራራቃሉ፣ ሲወጣ ይጣበቃሉ። የአፈሩ ጠባይ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ሲደርቅ ምንም ሳይጨመርበት እንደ ሸክላ ጡብ ይጠነክራል። ስለዚህ ይህን አፈር በደረቁ ፈትኖ «ጠንክሯል» ማለት በሬን ታስሮ ሳለ አይቶ «አይዋጋም» እንደ ማለት ነው። ሲቢአር የሚባለው ፈተና በካሊፎርኒያ መንገድ መሥሪያ ቤት ሲፈለሰፍ ናሙናው ለአራት ቀን፣ ማለትም ለ96 ሰዓት፣ ውሃ ውስጥ እንዲቀመጥ የተደረገው በከንቱ አይደለም። አራቱ ቀን የክረምቱ ተወካይ ነው። የላብራቶሪያችን ጋሼ የጠየቀኝ ስለ ክረምቱ ነበር።

ፎቶግራፉ ከደረሰኝ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ተማሪዬ ከዚያው መንገድ ዳር ያልታከመ አፈር በከረጢት እንዲልክልኝ መጠየቅ ነበር። ከፈሳሹም በእነርሱ መጋዘን ትራፊ ተገኘ። በዚያው አሠራር፣ በዚያው የሰባት ቀን ፀሐይ፣ የታከመውንና ያልታከመውን ጎን ለጎን ፈተንናቸው። ሁለቱም ደረቅ ሳሉ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፤ ልዩነታቸው በአንድ አፈር ሁለት ናሙናዎች መካከል በተለምዶ ከሚታየው አይበልጥም። አራት ቀን ከተነከሩ በኋላም ሁለቱም እኩል ረገቡ። ይህን ለማወቅ ከስምንት ዓመት በፊት የሚያስፈልገኝ ሌላ ግማሽ ከረጢት አፈር፣ አንድ ባልዲ ውሃና አራት ቀን ብቻ ነበር።

በጥቅምት መንገዱን ለማየት ሄድሁ። ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ አንድ ቀበሌ ይገባል። ዝናቡ ቆሞ ስለነበር ጭቃው ደርቋል፤ የጎማ ቦዮቹ ግን እስከ ጉልበት በሚደርስ ጥልቀት እንደ ፈሰሰ ሲሚንቶ ደርቀው ቀርተዋል። የከፋው ነገር በቦታው እስክደርስ ያልገባኝ ነው። መንገዱ ቀድሞ ባዶ አፈር አልነበረም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች በየዓመቱ እየቆፈሩ ያለበሱት ስስ ጠጠር ነበረው። ሕክምናው ሲጀመር ግሬደሩ ያንን ጠጠር ከሥሩ ካለው ጥቁር አፈር ጋር አገላብጦ ቀላቀለው፤ ቦቴው ረጨበት፤ መዳመጫው ሄደበት፤ በሰኔ ተመረቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በመንገዱ ዳር ካገኘናቸው ሰዎች አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ያቺ ጠጠር ክፉም ብትሆን ትይዘን ነበር» አሉኝ። ከዚያም የምራታቸውን ነገር ነገሩኝ። በነሐሴ ምጥ ሲይዛት አምቡላንሱ ከአስፋልቱ ወዲህ መግባት አልቻለም፤ በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት፤ ሦስቱ ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሌሊት እስከ ንጋት ወሰደ። እርስዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። መንገዱ ደህና ቢሆን ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው ሦስት ኪሎ ሜትር ያን ያህል ሰዓት የወሰደበትን ምክንያት ነው። ሽማግሌው «አንተስ የመንገድ ሰው ነህ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አስተማሪ ነኝ» አልኋቸው። እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነቱን የተናገርሁት ለመሸሸግ ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የንስሐ ብቻ እንዳይሆን ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

በመጀመሪያ ለፈሳሾቹ ሚዛናዊ እንሁን። በዓለም ላይ በዚህ ስም የሚሸጡት ምርቶች ብዙ ናቸው፤ ከሰልፈሪክ አሲድና ከዘይት የተሠሩ፣ ኢንዛይም የሚባሉ፣ ፖሊመሮች፣ ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚገኙ ሙጫ መሰል ነገሮች። ሁሉም ማታለያ አይደሉም። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምሕንድስና ምርምር ማዕከል በሚሲሲፒ ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት አንዳንድ ፖሊመሮች በአሸዋማ አፈር ላይ ጥሩ ውጤት መስጠታቸውን አሳይቷል። በአንጻሩ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ሦስት ፈሳሽ ማጠናከሪያዎችን በአምስት ዓይነት ሸክላማ አፈር ላይ ሲፈትኑ፣ ሻጮቹ በሚያዙት መጠን የታከመው አፈር ካልታከመው ወጥ የሆነና ሊለካ የሚችል መሻሻል አላሳየም። ለምን እንደሆነ ለመገመት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ስድስት ሜትር ስፋትና አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ንጣፍ 900 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ይህን በኖራ ለማከም፣ በክብደት ስድስት በመቶ ብንወስድ፣ ሰባ አምስት ቶን ገደማ ኖራ ይፈልጋል። በአንዳንዶቹ ፈሳሾች መመሪያ ግን ለ30 ሜትር ኩብ ያህል አፈር አንድ ሊትር ይበቃል ስለሚባል ለዚያው ኪሎ ሜትር 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ተለቅ ያለ ጀሪካን፣ ይበቃል ማለት ነው። ኖራው አፈሩን የሚለውጠው የካልሲየም ቅንጣቶቹ በገጾቹ መካከል ገብተው ሌሎቹን ስለሚተኩና ከጊዜ በኋላም እንደ ሲሚንቶ የሚያያይዝ ነገር ስለሚፈጥሩ ነው፤ ይህ ሥራ ብዛት ይጠይቃል። ሰባ አምስት ቶን የሚሠራውን ሥራ 30 ሊትር ሊሠራው አይችልም ብዬ አልምልም፤ ተፈጥሮ ከእኛ ግምት ትሰፋለች። ነገር ግን እንዲህ ያለ አቤቱታ ይዞ ችሎት የቀረበ ሰው ምስክሩን ይዞ ይምጣ፤ ምስክሩም የራሱ ተቀጣሪ አይሁን።

እኔ የዚያን ዕለት የሆንሁት ይህንን ነው። ተቀጣሪ ምስክር።

ገለልተኛ ፈታኝ መሆን ከቴክኒክ ይልቅ የፖለቲካ ጉዳይ መሆኑን ለማየት ከመንገድ ወጣ ብለን አንድ የቆየ ታሪክ እናስታውስ። በአሜሪካ «ኤዲ ኤክስ ቱ» የሚባል የመኪና ባትሪ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ነበር። የአገሪቱ የደረጃዎች ቢሮ ደጋግሞ ፈትኖ ጥቅም የለውም አለ። ሻጩ ጄስ ሪቺ ግን ቀላል ሰው አልነበረም፤ ረክቻለሁ የሚሉ ደንበኞችን ደብዳቤ ሰብስቦ እንደራሴዎችን ዘንድ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሥልጣን የያዘው የአይዘንሃወር መንግሥት የንግድ ሚኒስትር ሲንክሌር ዊክስ ቢሮው የገበያውን ፍርድ ዘንግቷል በማለት ዳይሬክተሩን አለን አስቲንን ሥራህን ልቀቅ አለው። ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ ትምህርት የሚሆነው። በቢሮው ውስጥ ያሉ ሳይንቲስቶች እርሱ ከሄደ እኛም እንሄዳለን ብለው ተነሡ፤ ጋዜጦች ጮኹ፤ ጉዳዩ ለብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ተመራ፤ አካዳሚውም የቢሮው ፈተና ትክክል ነው፣ ዱቄቱም ፋይዳ የለውም ሲል መሰከረ። አስቲን ወደ ቦታው ተመልሶ እስከ 1969 ድረስ አገለገለ። ልብ በሉ፤ በዚያ አገር የጎደለው ሚኒስትሩ አይደለም። የእኛን የሚመስል ሚኒስትር ነበራቸው። የነበራቸውና እኛ የሌለን፣ አንድ ፈታኝ «አይሆንም» ሲል ከኋላው የሚቆም ነው።

እነርሱም ቢሆኑ ከዚያ በኋላ አልሳቱም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የትራንስፖርት ሕጋቸው ከአሮጌ ጎማ የተፈጨ ላስቲክ በአስፋልት ውስጥ እንዲገባ ለክፍላተ ግዛቶቹ ግዴታ ጣለ፤ በ1994 ከ5 በመቶ ጀምሮ በ1997 እስከ 20 በመቶ። ላስቲኩ መጥፎ ነገር አልነበረም፤ አሪዞና ከ1960ዎቹ ጀምሮ ስትሠራበት ቆይታለች። መጥፎው፣ በአንድ አካባቢ የተፈተነውን በሁሉም ላይ በአዋጅ መጫኑ ነው። መንገድ መሥሪያ ቤቶቹ ተቃወሙ፤ ግዴታው በ1995 ተሻረ። ላስቲኩ ግን ዛሬም በሚስማማው ቦታ ይሠራበታል።

ለአዳዲስ የግንባታ ምርቶች ፈታኝ ማቋቋም ደግሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ተምረው እ.ኤ.አ. በ1966 «አግሬማን» የሚባል ቦርድ አቋቋሙ፤ ደቡብ አፍሪካ በ1969 ተከተለች፤ በ2015 በወጣ ሕግም የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ተቋም አደረገችው። እንግሊዞች በ1995 ለመንገድ ምርቶች ብቻ የተለየ ሥርዓት ጨመሩ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ደረጃ ያልወጣለትን፣ መጽሐፍ ያልተጻፈለትን አዲስ ምርት ተቀብለው ለምን ዓላማ፣ በምን ዓይነት አየርና አፈር፣ ለስንት ጊዜ እንደሚበቃ ፈትነው መመስከር ነው። እኔ በደቡብ አፍሪካ ተማሪ ሳለሁ የምስክር ወረቀቶቹን እንደ ተራ ነገር እያገላበጥሁ አልፋቸው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ዛሬ የሚያስቀናኝ በእያንዳንዱ ወረቀት ውስጥ ምርቱ የማይሆንበት ቦታ በግልጽ የሚጻፍ መሆኑ ነው።

ገንዘቡን ማን ይክፈል የሚለው የዘላለም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የምርምር ድርጅት ሥር የተቋቋመ የመንገድ ቴክኖሎጂ መገምገሚያ ማዕከል አንድ መልስ ሞክሮ ነበር፤ የሚከፍለው አምራቹ ይሁን፣ የፈተናውን ዕቅድ የሚያወጡት ግን ምርቱን ነገ የሚጠቀሙት የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ባለሙያዎች ይሁኑ። ማዕከሉ ረዥም ዕድሜ አላገኘም፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። የእኔን ታሪክ በዚህ መስተዋት ስታዩት ጥፋቱ ገንዘብ መቀበሌ አይደለም። ጥፋቱ ከፋዩ ጥያቄውንም አውጥቶ፣ አፈሩንም መርጦ፣ ውሃውንም ከልክሎ፣ ውጤቱንም ቆርጦ እንዲለጥፍ መፍቀዴ ነው።

«እኛ ድሆች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን ለሚል ሰው የራሳችንን ታሪክ ላሳየው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአገራችን የመንገድ ባለሥልጣን ከእንግሊዝ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላብራቶሪ ጋር ሆኖ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውን ቀላል ጠጠር፣ በሠራተኛው አነጋገር ሬድ አሽ የምንለውን፣ አጥንቷል። ማንም የማይሸጠው፣ ወኪል የሌለው፣ በስምጥ ሸለቆ ተከምሮ የሚገኝ ነገር ነው። መሐንዲሶች ይንቁት ነበር፤ ቅንጣቶቹ በቀላሉ ይሰበራሉና በመጽሐፉ መሥፈርት ያልፋል ተብሎ አይጠበቅም። አጥኚዎቹ ግን የት የት እንደሚገኝ ለዩ፣ በላብራቶሪ ፈተኑ፣ ከዚያም በእውነተኛ መንገድ ላይ አንጥፈው መኪና እየሄደበት ለዓመታት ተከታተሉት። ውጤቱ በኢትዮጵያዊው መሐንዲስና በእንግሊዛውያን ባልደረቦቹ ስም በ1980 አክራ፣ በ1987 ደግሞ ሌጎስ በተደረጉ የአፍሪካ የአፈር ምሕንድስና ጉባኤዎች ቀረበ። ዛሬም ተማሪዎቼ ይጠቅሱታል። ያ ሥራ የተሠራው አብዮት፣ ጦርነትና ድርቅ በተፈራረቁበት ዘመን ነው። ስለዚህ አንችልም አይባልም፤ ችለን እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ፍጥነታችን ይመስለኛል። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ ሁሉ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከሁለት አሥርት ዓመት ባነሰ ጊዜ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘውን ጨምሮ ከ100,000 በላይ ሆነ። ይህ ሊናቅ የማይገባው ሥራ ነው፤ እንደ አንዳንድ ተቺዎች ጭልጥ ብዬ ላጣጥለው አልወድም። ነገር ግን ገረጋንቲ በየወንዙ ዳር አይበቅልም፤ ጥሩው ቁፋሮ እያለቀ፣ ማመላለሻው እየራቀ ሲሄድ በርሜል ይዞ ለሚመጣ ሰው በሩ ይከፈታል። በዚህ ላይ የበጀት ዘመናችንን ጨምሩበት። ገንዘቡ ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ሙከራው በየካቲትና በመጋቢት፣ በደረቅ አፈር ይሠራል፤ በግንቦት ባለሥልጣናት በላዩ ይነዳሉ፤ በሰኔ ሪባን ተቆርጦ ሒሳቡ ይወራረዳል። እውነተኛው ፈታኝ ሐምሌ ላይ ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ሪፖርቱ ተልኳል። በዓለም ላይ እንደኛ ያለ ነጻ የመፈተኛ መሣሪያ፣ በየዓመቱ ሳይቀር ከሰማይ የሚላክ፣ ስንት አገር አለው? እኛ ግን ከእርሱ በፊት ለመጨረስ እንሽቀዳደማለን።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው በጽኑ ተከራከረኝ። «ለሁሉ ነገር ሁለት ክረምት የምትጠይቅ ከሆነ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይገባም። ኮብልስቶን ሲመጣ ማን አግሬማን ጠየቀ?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ኖራም በዘመኑ እንግዳ ነበር፤ መሐንዲስ ደግሞ በባሕርይው የለመደውን ይወዳል፤ ገለልተኛ ግምገማ ተብሎ የተቋቋመ ቢሮም በእኛ አገር የማኅተም ማስከፈያ መስኮት ሆኖ ሊቀር እንደሚችል አልክድም። ነገር ግን ኮብልስቶን ሲጠረብ ዓይን ያየዋል፣ ሲሰበር በአንድ ድንጋይ ይተካል፣ ምስጢር የለውም። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ግን ሻጩ ራሱ የንግድ ምስጢር ነው ብሎ አይነግርህም። ምስጢሩን ማክበር ይቻላል፤ ምስጢሩ በጨመረ መጠን ግን ፈተናው ይጠብቅ። ሁለት ክረምትም ቢሆን የሚጠየቀው ለሦስት ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ለሁለት መቶ ሜትር ነው። መቶው ታክሞ፣ ከጎኑ ያለው መቶ በዚያው መዳመጫ፣ በዚያው ሠራተኛ፣ በዚያው ቀን ሳይታከም ተሠርቶ ይቀመጥ። ያለዚህ ሁለተኛ መቶ ሜትር መንገዱ ቢያምርም ያሳመረው ፈሳሹ ይሁን መዳመጫው ማንም አያውቅም።

ወደ ራሴ ልመለስ። በኅዳር ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የዚያን ጊዜው ሪፖርት በማስታወቂያ ላይ ተቆርጦ መውጣቱን፣ ፈተናውም ለመንገድ ሥራ ማስረጃ ሊሆን የማይችል መሆኑን ገልጬ ክፍሉ ለሚመለከታቸው የመንገድ መሥሪያ ቤቶች እንዲያሳውቅ ጠየቅሁ። የክፍሉ ኃላፊ ደግ ሰው ነው። አስጠርቶ ሻይ ጋበዘኝና «ፊርማው የአንተ ቢሆንም ማኅተሙ የሁላችን ነው» አለኝ። ደብዳቤው ወደ ሕግ ክፍል ተመርቷል፤ እስካሁን ከዚያ አልወጣም። ስለዚህ ለአስመጪው፣ ለተማሪዬ መሥሪያ ቤትና ማስታወቂያው ደርሷቸዋል ብዬ ለገመትኋቸው ሌሎች በራሴ ስም ጻፍሁ። አንዱ ብቻ መልሷል። የመለሰልኝ ሰው ለቀናነቴ አመስግኖ ምርቱ ለመጪው ዓመት በዕቅድ መያዙን ጠቅሶ «ከበላይ አካል የወረደ ስለሆነ» የሚለውን የምታውቁትን ሐረግ ጨምሮበታል።

በጥር ወር ሌላ ወኪል መጣ፤ ሌላ ምርት፣ ሌላ ቀለም ያለው በርሜል። ይኼኛው ወጣት ነው፤ ምሕንድስና ተምሮ ሥራ ያጣ፣ በኮሚሽን የሚኖር። እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ማሽኑ ዛሬም መለዋወጫ ይፈልጋል። ምርቱን ከእርሱ እጅ ሳይሆን ከገበያ እኛው እንደምንገዛ፣ አፈሩን እኛው እንደምንቆፍር፣ የታከመውንና ያልታከመውን ጎን ለጎን እንደምንነክር፣ ውጤቱንም ጥሩ ሆነ መጥፎ ሳይቆረጥ እንደምናወጣው በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ዶክተር፣ ካልሠራስ?» አለኝ። ካልሠራ ያንን እንጽፋለን አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና «እኔ እኮ ራሴም ይሠራ እንደሆነ አላውቅም» አለ፤ አለቃዬን አማክሬ እደውላለሁ ብሎ በርሜሉን ትቶ ሄደ።

እስከ ዛሬ አልደወለም። ጋሼ ግን ሳይጠብቅ ከበርሜሉ ጥቂት ቀድቶ፣ ከግቢያችን ጀርባ ጥቁር አፈር ቆፍሮ፣ ስድስት ናሙና አዘጋጅቷል፤ ሦስቱ የታከሙ፣ ሦስቱ ያልታከሙ። ትናንት ማታ ገንዳው ውስጥ አስገባቸው። ሐሙስ ይወጣሉ።